ቴምብሩን አትንከሩት

ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ ከታፕሊንግ የቴምብር ስብስብ ፊት ቆመን ሳለ አንድ ጀማሪ ሰብሳቢ «ጋሼ፣ ቴምብሩን ከፖስታው ለማላቀቅ ውሃው ለብ ያለ ይሁን ወይስ ቀዝቃዛ?» አለኝ። «ማን አላቅቅ አለህ?» አልኩት።

በዚህ ነገር ግትር ነኝ። ቶማስ ታፕሊንግ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ነበር፤ የሌሎችን ስብስብ እንዳለ እየገዛ ከራሱ ጋር ቀላቀለ፤ እ.ኤ.አ. በ1891 በ35 ዓመቱ ሲሞት ሁሉንም ለብሪቲሽ ሙዚየም ተናዘዘ። ንግሥት ቪክቶሪያ ተዘቅዝቃ የታተመችበት የ1854ቱ የሕንድ አራት አና ቴምብር ሳይቀር አለው። ክፈፎቹ ብርሃን የሚያዩት ተመልካች ሲስባቸው ብቻ ነው፤ ይህን አደንቃለሁ፣ ብርሃን ቀለም ይበላልና። ከየዓይነቱ አንድም አይቅርብኝ ማለቱ ግን ለእኛ ቴምብር አያዋጣም።

ሰውየው ሲሞት የምኒልክ ቴምብር ገና አልታተመም። ፈረንሳዊው ሙሾን የቀረጻቸው ሰባቱ ፓሪስ ታትመው የወጡት በ1894 ነው፤ አራቱ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ሦስቱ ላይ አንበሳ። ደብዳቤ ያልተላከበት ዛሬም በርካሽ ይገኛል። ቁም ነገሩ የተጓዘው ላይ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት የገባችው በ1908 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ባሕር ማዶ የሚሄደውን ደብዳቤ የምኒልክ ቴምብር ብቻውን አያሻግረውም፤ የፈረንሳዮቹ የጂቡቲ ቴምብርም ይለጠፍበታል። የእንጦጦ ወይም የሐረር ማህተም፣ ቀጥሎ የጂቡቲ። ነክረህ ስታላቅቃቸው አንዱ በኢትዮጵያ ገጽ፣ ሌላው በጂቡቲ ገጽ ይሰደራል፤ አብረው መጓዛቸውን የሚያውቅ አይኖርም።

«አልበም ላይ ቦታ ይቆጥባል» ይሉኛል። ይቆጥብ! ከ1901 ወዲህ በላያቸው ጽሑፍ የተደረበባቸው፣ «ቦስታ» የሚለው ጭምር፣ ሐሰተኛቸው እንደ አሸን ነው። ማህተሙ ከቴምብሩ አልፎ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ቀኑና መንገዱ ይመሰክራሉ። ሲነከር ምስክሩም አብሮ ይጠፋል።

እኔን እዚህ ያስገባኝ የአባቴ ፖስታ ሳጥን ነው። ቁልፉን ይዤ ዋናው ፖስታ ቤት የምላከው እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ ከውጭ የመጣውን የአጎቴን ደብዳቤ ምን ይላል ብለው ሲሻሙ፣ እኔ ማህተሙን እያየሁ መንገድ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ አሰላ ነበር። ፖስታዎቹ አሁንም አሉኝ። ለገበያ ቢወጡ የቡና ዋጋ አያወጡም። አጎቴ ቴምብሩን ሁሌ አጣሞ ነበር የሚለጥፈው፤ ችኩል ሰው።