«ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው?»
ቃል አልባ ሙዚቃና የእኛ ጆሮ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የመሣሪያ ሙዚቃ ምሽት ታድሜ ነበር። ሳክስፎን፣ ኦርጋን፣ ቤዝ ጊታርና ድራም፤ ድምፃዊ የለም። ተጫዋቾቹ በትዝታ ቅኝት ሩብ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። እንደማይመጣ ነገርኳቸው። «እንግዲያው እኛው እንዝፈንለታ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ያኔ በልቤ ታዝቤያቸው ነበር። ዛሬ ግን የምሽቱን ምርጥ ሒስ የተናገሩት እሳቸው ይመስሉኛል።

በአገራችን ስለ ዘፈን የሚጻፈውና በሬዲዮ የሚነገረው ሒስ አብዛኛው የግጥም ሒስ ነው። አልበም በወጣ ማግሥት ስንኝ እየመዘዝን ሰሙን ከወርቁ እንለያለን፤ ለማን እንደተባለ፣ ምን እንደተወጋበት እንከራከራለን። ቤዝ ጊታሩ የት ላይ ዝም እንዳለ፣ ዝምታውም ለምን እንዳማረ የሚጠይቅ ብርቅ ነው። የካሴት ሽፋን ላይ እንኳ ግጥም ይቀድማል፣ ዜማ ይከተላል፣ ቅንብር ሦስተኛ ይሆናል፤ ተጫዋቾቹ ከተጠቀሱ ከሁሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ነው። የዚህ ልማድ አንዱ ሥር ቅኔ ነው፤ ይህ የታወቀ ስለሆነ አላተትበትም። ሌላው ሥር ብዙ ያልተወሳው ሳንሱር ነው። የዘፈን ግጥም አስቀድሞ በሚመረመርበት ዘመን የኖረ አድማጭ ራሱም መርማሪ መሆንን ለመደ። መርማሪው የተደበቀውን ቃል ሊቆርጥ ያነፈንፋል፤ አድማጩ ሊያጣጥመው። ሁለቱም ግን የሚሰሙት ቃሉን ብቻ ነው።

ቃል የሌለውን ሙዚቃ የምንጠራበት ስም ራሱ ይመሰክርብናል። እኛ ዘንድ «ክላሲካል» ማለት ባኽና ሞዛርት ብቻ አይደሉም፤ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው። ሠርግ ላይ ምሳ ሲቀርብ «እስቲ ክላሲካል ክፈቱ» ይባላል። ሬዲዮ በሁለት ዝግጅቶች መካከል ክፍተት ሲገጥመው ክላሲካል ያስገባል። ቃሉ ከውጭ መጥቶ እዚህ ሌላ ሥራ ተሰጠው፤ የመጠበቂያ ሙዚቃ ስም ሆነ፦ እንግዳው እስኪገባ፣ ዜናው እስኪጀመር፣ ዘፋኙ እስኪደርስ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የቀረጹት ካሴት በስሙ ላይ «ክላሲካል» የሚለውን ቃል የያዘውም በዚሁ በእኛ ትርጉም ነው። አማርኛ የማያውቅ የውጭ አድማጭ በርዕሱ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። አኮርዲዮን፣ ሞግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ድራም ማሽን ከየት መጥተው ክላሲካል ሆኑ?

ወደዚህ ካሴት እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቃል አልባ ሙዚቃ እኛ ዘንድ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ያሳየኝን ሰው ላንሳ።

ሳክስፎን ተጫዋቹን ጌታቸው መኩሪያን በመጀመሪያ የሰማኋቸው «ሸለላ» በተባለው ሥራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በፊሊፕስ ሸክላ የወጡት ሥራዎቻቸው በኋላ ፈረንሣይ አገር በሚታተመው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ሆነው እንደገና ታትመዋል። የውጭ ጸሐፍት እኚህን ሰው ሲሰሙ የአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ትዝ ይላቸዋል፤ እነ ኦርኔት ኮልማንን ይጠራሉ፣ «ሳይሰማቸው እንዴት ደረሰበት?» ብለው ይደነቃሉ። ንጽጽሩ ክፋት የለውም፤ የተነሡበትን አገር ግን ይስታል። ሸላይ ሲነሣ ምት አይጠብቅም። ትንፋሹን ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ያፈስሰዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ዘወር ብሎ ሰውን ያያል፣ ያንኑ ቃል ከፍ አድርጎ ይደግመዋል፣ ድምፁን ያሻክረዋል። የጌታቸው ሳክስፎን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከሥር ያለው ባንድ ረጋ ብሎ ሲሄድ እሳቸው ከላይ እንደ ፎካሪ ይንጎራደዳሉ። ሐረጉ የሚያልቀው ሙዚቃው ስላበቃ ሳይሆን ሰውዬው መተንፈስ ስላለበት ነው። «ዘራፍ!» የሚለው ቃል ባይነገርም ቦታው ተጠብቆለታል። በመድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው መታየታቸውን ለትርዒት የተደረገ ጌጥ አድርገው የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን የቅንብሩ አካል አድርጌ አየዋለሁ። በሳክስፎኑ የሚናገረውን ሰው ማንነት የሚነግረን ጎፈሩ ነው።

ዚ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ ፓንክ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት «ሞአ አንበሳ» ይህንን ያጸናል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ከሻካራ የኤሌክትሪክ ጊታሮች ጋር ሲሰለፉ ይዋጣሉ ብሎ ያልሰጋ አልነበረም፤ እኔም አንዱ ነኝ። አልተዋጡም። ፉከራ ድሮም በግርግር መካከል የሚሰማ ጥበብ ነው። ጊታሮቹ ግርግሩን ሰጧቸው።

እንግዲህ ጌታቸው ቃል የላቸውም ማለት አይቻልም፤ መሣሪያው ራሱ ይናገራል። የቃል ጆሯችንም እሳቸው ጋ ብዙ አይቸገርም። ፈተናው የሚጀምረው ከኃይሉ ላይ ነው።

አባቴ ዘንድ የነበረው የኃይሉ ካሴት የተቀዳ ነበር። ክሩ አንድ ጊዜ በቴፑ ተበልቶ በእርሳስ ስለተጠመጠመ «ሸሞንሟናዬ» የሚለው ዜማ ሲጀምር ድምፁ ይወላገድ ነበር። ልጅ ሆኜ መወላገዱን የዜማው አካል አድርጌ ተቀበልኩት። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ያሳተመውን ጥርት ያለ ቅጂ ስሰማ አንድ ነገር የጎደለ መሰለኝ። የእኔ ሸሞንሟናዬ የታመመ ነበር።

ያም ሆኖ የጠራው ቅጂ አንድ ነገር ገለጠልኝ። አኮርዲዮን ወናፍ ያለው መሣሪያ ነው፤ አየር ይስባል፣ አየር ይተፋል። ይሁንና ድምፆቹ በፋብሪካ የተወሰኑ ናቸው፤ እንደ ማሲንቆ ድምፅን በጣት አንሸራቶ፣ አለስልሶ መሄድ አይችልም። ኃይሉ ይህንን ጉድለት የሚሞሉት ከዋናው ድምፅ በፊት በሚጣሉ ፈጣን የጣት ንክኪዎች ነው። ከዚያም በላይ ወናፉን የሚለቁት በስንኝ ልክ ነው። ዜማው ሕዝብ የሚያውቀው ስለሆነ የስንኙ ቤት መምቻ ላይ ሲደርሱ አየሩ ያልቃል፤ እኔም ሳላስበው ቃሉን እሞላለሁ። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው ታዳሚው ነው፤ አዝማሪው ያንን ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ኃይሉ ያንን ውል ገልብጠውታል፦ ዜማውን እሳቸው ይሰጣሉ፣ ቃሉን እኛ እንቀበላለን። አጠገቤ የነበሩት አባት ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ የነበረው ለዚህ ነው። ሙዚቃው ጎደለባቸው ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ድርሻቸውን እየተወጡ ነበር።

ከዚህ የሚከተል አንድ ሐሳብ አለ። ኒው ዮርክ ወይም በርሊን ተቀምጦ ያንኑ ቅጂ የሚሰማ፣ ዜማውን ቀድሞ የማያውቅ ሰው ሌላ ሥራ እየሰማ ነው። እሱ የሚሰማው ድራም ማሽኑ ከአኮርዲዮኑ ጋር ያለውን አለመጣጣም፣ ብቸኝነቱን፣ እንግዳነቱን ነው። ኃይሉ ከባንዳቸው ከዋልያስ ተነጥለው በስደት ከተማ ብቻቸውን የቀረጹት መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ ብቸኝነቱ ይብስበታል። እኔ ግን ካሴቱ ውስጥ ብቸኝነት ሰምቼ አላውቅም፤ ዘመድ የሞላበት ቤት ነው። ማናችን ትክክል ነን? ሁለታችንም ነን ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን የውጭው አድማጭ አንድ ነገር በልጦኛል እላለሁ፤ ድራም ማሽኑን የሰማው እሱ ነው። እኔ ቃል ስሞላ ሳልሰማው ሠላሳ ዓመት አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር በካይፋ ሪከርድስ ያወጣው «ቼ በለው» ችግሩን ወደ ጫፍ ይወስደዋል። ባንዱ የሂልተን ሆቴል ባንድ ነበር፤ ጊዜው የሰዓት እላፊ ዘመን ነው፣ የምሽት ክበብ ታዳሚ ሌሊቱን እዚያው አንግቶ ጠዋት ወደ ቤቱ የሚሄድበት። ሙላቱ አስታጥቄም በአልበሙ ተሳትፈዋል። እውነቱን ለመናገር አልበሙ ሙሉ በሙሉ አይጥመኝም፤ አንዳንዱ ሥራ ራት ለሚበላ እንግዳ የተዘጋጀ፣ ማንንም የማይረብሽ ሙዚቃ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» ግን ከዚያ ውስጥ እንደ ጦር ይወጣል።

የዚህ ሥራ ደራሲ ግርማ በየነ ናቸው። ራሳቸው ድምፃዊ መሆናቸው ነገሩን ያከብደዋል፤ ቃል የማይገባበትን ዜማ የሠራው ቃል የሚያውቅ ሰው ነውና። ርዕሱን ተመልከቱ። «ሸሞንሟናዬ» የምትወደስ ሴት አለችው። «ሸለላ» ሸላይ አለው። «ሙዚቃዊ ስልት» ማንም የለውም፤ ስለ ሙዚቃ ስልት ነው፣ አለቀ። ቤዙና ኦርጋኑ ተያይዘው አጭር ሐረግ ይደጋግማሉ፣ ሳክስፎኑ በላዩ ይገባል። ስንኝ ልሰካበት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም፤ ሐረጉ ቤት ከመምታቱ በፊት ይታጠፋል። ቅኝቱ የእኛ ነው፣ ትከሻዬ ያውቀዋል፤ አፌ ግን የሚለው የለውም። ሥራው በዓለም ዙሪያ ብዙ ባንዶች የሚጫወቱት ሆኖ ሳለ በአማርኛ ስለ እሱ የተጻፈ ዝርዝር ሒስ ያላነበብኩት ለዚህ ይመስለኛል። የምንመዝዘው ስንኝ የለም።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን በዚህ መስመር ማስገባት ያስፈራኛል፤ የእሳቸው ፒያኖ ለብቻው ጥናት ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ ልበል። እ.ኤ.አ. በ2006 የ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ሆነው ሥራዎቻቸው ከታተሙ ወዲህ ዓለም እሳቸውን በሕይወት ታሪካቸው በኩል መስማት ለምዷል፦ የከንቲባ ገብሩ ልጅ፣ ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ በግዞት የነበሩ፣ በግሸን ማርያም የመነኮሱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉ። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ታሪክም እንደ ስንኝ ነው፤ ቃል ለለመደ ጆሮ መደገፊያ ይሆነዋል። እኛ ስንኝ ፈልገን እናጣለን፣ ሌሎች ገድል አግኝተው ይረካሉ። የግራ እጃቸው ምት ሲዘገይ የቀኝ እጃቸው ያልጠበቀበትን ቦታ ቆሞ የመረመረ፣ ከሁለቱም ወገን፣ ጥቂት ነው። እኔም ገድሉን ሳላስብ ልሰማቸው ሞክሬ እስካሁን አልሆነልኝም።

ይህን ሁሉ የምለው ግጥም ይቅር ለማለት አይደለም። «ቅኝት»፣ «ምት»፣ «ቅንብር»፣ «አዝማች» የሚሉ ቃላት አሉን፤ ሒሳችን ግን ከስማቸው አልፎ በሥራ ላይ አላዋላቸውም። አንድ ሰው «ቅንብሩ ደስ ይላል» ብሎ ሲጽፍ ምኑ ደስ እንዳለው መጠየቅ የአርታዒ ግዴታ ይመስለኛል።

የአባቴ ካሴት አሁን እኔ ዘንድ ነው። ሽፋን የለውም፤ ነጩ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ክላሲካል» ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላ ምንም የለም። የተጫዋቹን ስም ያወቅሁት ከውጭ አገር እትም ነው። እናንተ ዘንድ ሽፋኑ ያልጠፋ የመሣሪያ ሙዚቃ ካሴት ወይም ሸክላ ካለ፣ እባካችሁ ከግርጌው ያሉትን የተጫዋቾች ስሞች ገልብጣችሁ አስቀምጡ።