ቡራቡሬዋ ላምና የወረታ ሩዝ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታን በመስኮት አይቷት ያልፋል። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ፋሲል ግቢ ለማየት የቸኮለ ሰው በወረታ ግንብ ስለማያገኝ ቅርስ የሌላት ይመስለዋል። ግምቱ የተሳሳተ ነው፤ የስህተቱም ምንጭ ቅርስን በድንጋይ የመለካት ልማድ ነው።

በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ የጉማራና የርብ ወንዞች ሥራ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከጉና ተራራ አፈር ጠርገው አምጥተው ጣና ዳር ያለብሱታል። ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደታየውም ከልክ ሲያልፍ ሰው ያፈናቅላል። የፎገራ ላም የዚህ ረግረግ ልጅ ናት፦ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ቀንደ አጭር፣ ጠባየ ገር፣ ከአገሬው ዝርያዎች መካከል በወተቷ የተመሰገነች። ኮርማ እየመረጠ፣ ጥጃ እየለየ እዚህ ያደረሳት አርቢው ነው። ስለዚህ እርሷም እንደ ግንቡ የሰው እጅ ሥራ ናት።

ከዚያ ሩዝ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሞከሩት፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት እህል ሰጠ። ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ ሩዙም ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። ይህን ትሩፋት ማቃለል ለገበሬው ድካም አለማሰብ ነው።

ሩዙ የበቀለበት መሬት ግን የላሟ ግጦሽ ነበር።

የተረፈውን የወል ግጦሽ አሜከላ የሚባለው አረም ወረረው። ሣር ፍለጋ የሚመጡ የሌላ አካባቢ ከብቶች ከመንጋው ሲቀላቀሉም ንጹሑን ዝርያ ማግኘት እያደር ከበደ። የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል መንጋ ይዞ ዝርያዋን ለማቆየት ደክሟል። ሆኖም በአጥር ውስጥ የሚጠበቅ መንጋ የአርቢውን እውቀት ሊያቆይ አይችልም።

ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ አለ። የፈረንሳይዋ ብሪታኒም ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆነች ትንሽ ላም አለቻት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ በመቶ ሺዎች ትቆጠር የነበረችው ላም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቁጥሯ እጅግ ተመናመነ። እ.ኤ.አ. በ1976 የጥበቃ መርሐ ግብር ተጀመረላት። ያተረፏት በየግቢያቸው አርብተው ወተቷን፣ ቅቤዋንና አይቧን ራሳቸው ለገበያ ያቀረቡ ትንንሽ አርቢዎች ናቸው።

ለሩዝ ማዕከል የበቃችው ወረታ የፎገራ ኮርማ መዝገብ ልትከፍት ይገባል። ሐይቁ ዳር ያሉ ቀበሌዎች ከሩዙ ማሳ ጎን የማይታረስ የወል ግጦሽ ይከልሉ። ሽማግሌ አርቢዎች የሚያውቁት የኮርማ አመራረጥም እነርሱ በሕይወት ሳሉ ይጻፍ።