ከመድፉ በኋላ የመጣ ፈትዋ

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነብዩ ሙሐመድ ላይ ይሁን።

ከመግሪብ ሰላት በኋላ በምንቀመጥበት የታሪክ ደርስ ላይ ለዓመታት ስናገረው የኖርኩት አንድ ታሪክ አለ። አጭርና ለጆሮ የሚጥም ነው። ገለልተኛ ሆኖ የተቀመጠውን የዑስማኒያ መንግሥት እንግሊዞች መርከቦቹን ነጠቁት፤ ሩሲያ ተነሳችበት፤ ኸሊፋው ጂሃድ አወጀ፤ ሙስሊሙ ጥሪውን ስላልሰማ ኺላፋው ፈረሰ። እኔ ከመምህሮቼ እንደሰማሁት ለተማሪዎቼ አስተላልፈው ነበር። አንድ ቀን ግን ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙም የማይናገር ልጅ እጁን አወጣና «ኡስታዝ፣ ፈትዋው የተሰጠው ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ ከተጀመረ በኋላ?» ሲል ጠየቀኝ። «በፊት ነው» ልል አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ። አላውቀውም ነበር።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና የሆነውን ሁሉ በየቀኑ እየለየሁ በወረቀት ላይ በተራ አሰፈርኩት። ያገኘሁት ነገር የለመድኩትን ታሪክ ገለበጠብኝ። ይህ ጽሑፍ ያንን አተራረክ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የራሴን አስተማሪነት የሚሄስ ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

በመጀመሪያ ለባለታሪኮቹ ፍትሕ ይሰጣቸው። በ1914 የዑስማኒያ መንግሥት የተዳከመ መንግሥት ነበር። ከ1911 ጀምሮ ሊቢያን በጣሊያን ተቀምቷል፤ በ1912 እና በ1913 በተደረጉት የባልካን ጦርነቶች የአውሮፓ ግዛቱን ከሞላ ጎደል አጥቷል። ግምጃ ቤቱ ባዶ፣ ዕዳው ከባድ ነበር። ሩሲያ የኢስታንቡልን የባህር መተላለፊያ ትመኘው ነበር። የባህር ኃይል ሚኒስትሩ ጀማል ፓሻ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ፈረንሳይ ድረስ ሄደው የወዳጅነት ውል ቢጠይቁ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ስለዚህ የመሪዎቹ ፍርሃት የውሸት ፍርሃት አልነበረም።

የመርከቦቹም በደል እውነት ነው። «ሱልጣን ዑስማን» እና «ረሻዲያ» የተባሉት ሁለት ታላላቅ የጦር መርከቦች በእንግሊዝ አገር ተሠርተው ያለቁ ነበሩ። ከዋጋው ከፊሉን ያዋጣው ተራው ሕዝብ ነው። መርከቡን ለመረከብ የሄዱት ባሕርተኞች እዚያው እያሉ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሚኒስትር የነበረው ዊንስተን ቸርችል በኦገስት ወር መጀመሪያ መርከቦቹ እንዲወሰዱ አደረገ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር።

ይሁን እንጂ እኛ «በዚህ ምክንያት ወደ ጦርነት ገቡ» ብለን ስናስተምር ቀኑን አንመለከትም። የጦር ሚኒስትሩ ኤንቨር ፓሻ ከጀርመኑ አምባሳደር ጋር የኅብረት ውል መነጋገር የጀመሩት በጁላይ ወር፣ መርከቦቹ ከመወሰዳቸው በፊት ነው። ውሉ ኦገስት 2 ቀን 1914 በረመዷን ወር፣ ቦስፎረስ ዳር ባለው በታላቁ ወዚር በሰዒድ ሐሊም ፓሻ መኖሪያ ቤት ተፈረመ። ሩሲያ በኦስትሪያ ላይ ብትነሳና ጀርመንም በዚህ ሰበብ ብትዋጋ ዑስማኒያም ከጀርመን ጎን ይሰለፋል የሚል ነበር። ጀርመን ደግሞ በሩሲያ ላይ ጦርነት ያወጀችው በዋዜማው፣ ኦገስት 1 ቀን ነው። እንግዲህ ፊርማው በተደረገበት ሰዓት ግዴታው አብሮ ደርሷል ማለት ነው።

ይህንን ማን ያውቅ ነበር? ታላቁ ወዚር፣ ኤንቨር ፓሻ፣ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ጠልዓት ፓሻና የፓርላማው አፈ ጉባኤ ኸሊል ቤይ። ጀማል ፓሻ እንኳ የሰሙት ከተፈረመ በኋላ ነው። ፓርላማው በዚያው ሰሞን እንዲበተን ተደርጎ ነበር። ሕዝቡ «ገለልተኛ ነን» የሚለውን አዋጅ ሲሰማ ጥቂት ሰዎች ግን የተፈረመ ወረቀት በኪሳቸው ይዘው ነበር።

ገለልተኛ አገር ወደ ሰው ጦርነት የሚገባው እንዲህ ነው። በአንድ ቀን ዘሎ አይገባም፤ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። እያንዳንዱ ደረጃም የገለልተኛነት ስም ይሰጠዋል። የክተት አዋጅ ሲታወጅ «በትጥቅ የታጀበ ገለልተኛነት» ተባለ። ኦገስት 10 ቀን በእንግሊዝ የሚሳደዱት «ጎበን» እና «ብሬስላው» የተባሉት የጀርመን መርከቦች ወደ ዳርዳኔልስ ሲገቡ «ገዝተናቸዋል» ተባለ። መርከቦቹ «ያዉዝ ሱልጣን ሰሊም» እና «ሚድሊ» ተብለው ሰንደቃቸው ተለወጠ። ጀርመኖቹ ባሕርተኞች ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ተርቡሽ ደፉ እንጂ ከቦታቸው አልተነሱም። አዛዣቸው አድሚራል ሱሾን ደግሞ የዑስማኒያ መርከቦች ሁሉ አዛዥ ተደረገ። በሴፕቴምበር መጨረሻ መተላለፊያው ለንግድ መርከብ ተዘጋ። በኦክቶበር ሁለት ሚሊዮን ሊራ የሚያወጣ ወርቅ ከጀርመን በባቡር ደረሰ።

ለመሆኑ የሌላውን መድፍ በግቢው አስቀምጦ፣ የሌላውን ወርቅ በሣጥኑ ቆልፎ «እኔ ከማንም ጋር አይደለሁም» የሚል ሰው ማን ያምነዋል?

ኦክቶበር 29 ቀን 1914፣ በዒድ አል-አድሐ ዋዜማ፣ እነዚያ መርከቦች የዑስማኒያን ሰንደቅ እያውለበለቡ ኦዴሳን፣ ሴቫስቶፖልንና ሌሎች የሩሲያ ወደቦችን በመድፍ ደበደቡ። ትእዛዙን በስውር ለአድሚራሉ የሰጡት ኤንቨር ፓሻ ናቸው። ለሕዝብ የተነገረው ግን «ሩሲያ ቀድማ ተኮሰችብን» የሚል ነበር። ሰዒድ ሐሊም ፓሻ ሥልጣን ልልቀቅ ብለው ተለምነው ቀሩ። የገንዘብ ሚኒስትሩን ጃቪድ ቤይን ጨምሮ አራት ሚኒስትሮች ግን ለቀቁ። ሩሲያ በቀናት ውስጥ ጦርነት አወጀች፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ኖቬምበር 5 ቀን ተከተሉ።

ፈትዋውስ? በኢስታንቡል ፋቲሕ መስጊድ የተነበበው ኖቬምበር 14 ቀን ነው። መድፉ ከተተኮሰ 16 ቀን፣ ውሉ ከተፈረመ ከሦስት ወር በላይ አልፎት ነበር። ለተማሪዬ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ፈትዋው በአገሩ ልማድ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ ነው። አምስት ጥያቄዎች ለሸይኹል ኢስላም ኸይሪ ኤፈንዲ ቀረቡ፤ ለእያንዳንዱም «አዎን» የሚል መልስ ተሰጠ። ጠላት በሙስሊሞች ላይ ተነስቶ ሳለ መዋጋት ግዴታ ነውን? አዎን። ይህ መልስ በራሱ ስህተት የለበትም፤ የትኛውም ዓሊም የሚመልሰው ነው። ስህተቱ ያለው ባልቀረበው ጥያቄ ውስጥ ነው። «መጀመሪያ የተኮሰው ማነው? በምን ውል? ከማን ጋር ተመክሮ?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄውን የሚያሰናዳው ባለሥልጣኑ ራሱ ከሆነ መልሱንም አብሮ ያሰናዳል። ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው፣ በመመካከር የተሰየመ ሙሉ ሱራ የተሰጠን እኛ ነን። ይህን ሁሉ ከጀርባ ትቶ በመጨረሻው ሰዓት ማኅተም እንዲያደርግ ብቻ የሚጠራ ዓሊም ግን ሹራ አልተደረገም፤ ምስክር ሆኖ ተቆጠረ እንጂ።

ውጤቱን ሁላችንም እናውቃለን። ከሕንድና ከሰሜን አፍሪካ የተመለመሉ ብዙ ሙስሊም ወታደሮች በእንግሊዝና በፈረንሳይ ሰንደቅ ሥር ሆነው ወንድሞቻቸውን ወጉ። በሳሪቃሚሽ በ1914 እና በ1915 መካከል በነበረው ክረምት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ከጥይት ይልቅ በብርድ አለቀ። በ1915 በጦርነቱ ሽፋን አርመኖች ከቤታቸው እየተነዱ በብዛት ተጨፈጨፉ፤ ግፍ ግፍ ነውና የፈጸመው የእኛ ወገን ነው ብለን ልንሸፍነው አይገባም። በጁን 1916 የመካው ሸሪፍ ሑሴን አመጹ። ኦክቶበር 30 ቀን 1918 ውጊያው በሽንፈት ሲዘጋ ኤንቨር፣ ጠልዓትና ጀማል ከቀናት በኋላ በጀርመን መርከብ ከአገር ወጡ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ወላፈኑ እኛም ዘንድ ደርሷል። ኢትዮጵያ በዚያ ጦርነት ገለልተኛ ነበረች። ሐረር ላይ የዑስማኒያ ቆንስል ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ነበሩ። ልጅ ኢያሱን አንዱ ወገን ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ሳባቸው። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1916 «ሰልመዋል» በሚል ክስ ከሥልጣን ወረዱ፤ ከወር በኋላም ሰገሌ ላይ የወገን ደም ፈሰሰ። አገሪቱ ወደ ጦርነቱ ባትገባም ጦርነቱ ወደ እሷ ገብቶ ነበር።

«ባይዋጉ ኖሮ ሩሲያ ትምራቸው ነበር ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሩሲያ ገለልተኛ ከሆናችሁ ግዛታችሁን አንነካም ብለው ነበር፤ ቃላቸው ይታመን ነበር ወይ ብሎ መጠራጠር ይቻላል። ነገር ግን የእኔ ወቀሳ «ለምን ተሸነፉ» የሚል አይደለም። መፍራትም ማመንም የሚችለው፣ ልጁን ለጦር የሚልከው ሕዝብ ለምን አልተጠየቀም ነው። ይህ ደግሞ የሙስሊሞች ብቻ ሕመም እንዳይመስለን። ገለልተኛ የነበረችው ጣሊያን ኤፕሪል 26 ቀን 1915 ለንደን ላይ በስውር ፈርማ በማግሥቱ ወር ጦርነት አወጀች፤ ስትፈርም ፓርላማዋ አላወቀም።

እኛ አስተማሪዎች ጥፋቱን ሁሉ በጠላት ተንኮልና «ባልታዘዘው» ሙስሊም ላይ ስንጥል ከባዱን ነገር እናመልጣለን። የጠላትን ተንኮል ልጆቻችን ከሌላም ይሰሙታል። የራስ ወገን በሕዝቡና በዲኑ ስም ተደብቆ ሲወስን እንዴት እንደሚጠየቅ ግን ከእኛ ካልተማሩ ከማን ይማራሉ?

በተከታዩ ደርስ ወረቀቴን ይዤ ገባሁ። ቀኖቹን በተራ አነበብኩላቸውና «እስከ ዛሬ አሳስቼ አስተምሬያችኋለሁ» አልኳቸው። ያ ልጅ አንገቱን ደፋ፤ ያፈረብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እየጻፈ ነው።

ወላሁ አዕለም።