በ«ኦሮማይ» ያልተጻፈው የቤት ሒሳብ

በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» እስከ ዛሬ በሁለት ዓይን ይነበባል። አንዱ ወገን የቀይ ኮከብ ዘመቻን የገመገመ የፖለቲካ ልብ ወለድ ይለዋል፤ ሌላው የጸጋዬ ኃይለ ማርያምንና የፊያሜታ ጊላይን ፍቅር ያይበታል። ሁለቱም አዲስ አበባ የቀረችውን እጮኛ፣ ሮማንን፣ በችኮላ ያልፏታል።

ጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ ደመወዟን በየወሩ ወደ አገር ቤት የምትልክ አንባቢ ግን ሮማንን ሳታነሣ መጽሐፉን አትዘጋም። መለያየትን በናፍቆቱ ብቻ ሳይሆን በሒሳቡም ታውቀዋለችና፦ ኪራዩን ማን ይከፍላል? ለልጆቹ ትምህርት ምን ያህል ይላካል? የተላከውስ ከማን እጅ ይገባል? ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ድረስ በትግራይ ባንክና ስልክ ተቋርጦ ሳለ፣ ገንዘብ ይዞ ለቤተሰቡ መላክ ያቃተው ብዙ ነበር። ጦርነት ባልና ሚስትን ሲለያይ ጓዳውንም ለሁለት ይከፍላል።

«ኦሮማይ» ወደዚህ ጓዳ አይገባም። ምክንያቱ አተራረኩ ነው። ተራኪው ጸጋዬ ራሱ ስለሆነ እርሱ ያላየውን አናይም፤ አሥመራ ከገባ በኋላ ደግሞ ዓይኑን የሞሉት ዘመቻውና ፊያሜታ ናቸው። ስለዚህ ሮማን የራሷን ቀን ከምትኖር ሴት ይልቅ የእርሱ የሕሊና ወቀሳ ሆና ትታየናለች። «የዘመቻን ሰው ከውስጡ ያሳየ ደራሲ፣ ያ ሰው የዘነጋውን ቢዘነጋ ምን ያስወቅሰዋል?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ሚዛን አይደፋም። ፕሮፓጋንዳውንና የናቅፋን ውጊያ እውነት ጎን ለጎን አቁሞ ያስመዘነን ብዕር፣ የአዲስ አበባውንም ቤት በአንድ ደብዳቤ ወይም በአንድ የደመወዝ ቀን ሊያስመዝነን ይችል ነበር።

መጽሐፉ ያልተረከውን የደራሲው ቤት ኖረው። በዓሉ በ«ኦሮማይ» ሳቢያ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ኑሮው በባለቤቱ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ርእሱ ከጣልያንኛ መጥቶ በአሥመራ «አበቃ፣ አለቀ» ለማለት የሚነገር ቃል ነው። ለዘማቹ አብቅቶ ይሆናል፤ ቤት ለቀረችው ግን ወሩ ገና አልሞላም። ልብ ወለዱ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ታትሞ አዲስ አንባቢ አግኝቷል። የአማርኛው አንባቢም እንደገና ሲገልጠው፣ ፊያሜታ ጋ ከመድረሱ በፊት ሮማን በምን ትኖር እንደነበር ቢጠይቅ መጽሐፉን ይበልጥ ያውቀዋል።