«ጤዛ»ን ከየቡ ስናየው

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ለትምህርት ጀርመን የዘለቀውን፣ ኋላም ዘረኞች ደብድበው እግሩን ያሳጡትን አንበርብርን ያሳየናል። ደብዳቢዎቹ ቆዳውን አዩ እንጂ ማን ነህ አላሉትም። ይህ በደንብ ተነግሯል። ዳሩ ግን እነዚያ ጎረምሶች ምን አስፈርቷቸው፣ ማን አስተምሯቸው ለዚያ እንደበቁ ኃይሌ ሳይመረምር ያልፈዋል፤ እዚህ ላይ ፊልሙ ሳሳብኝ።

ነገሩ እኛንም ይነካላ! የየቡ ልጅ ነኝ። ቡና ሲደርስ ከዳውሮ ለለቀማ የሚመጣውን ሰው «ኩሎ» እያልን አደግን፤ እሱ ራሱን ዳውሮ ነው የሚለው። ትከሻው ጆንያ እንጂ ሐሳብ የሚሸከም አይመስለንም ነበር። ለአንበርብር እንባዬን ስጠርግ አጠገቤ የዳውሮ ተወላጅ ጓደኛዬ ተቀምጧል። መብራቱ ሲበራ፣ «እናንተስ የአባቴን ስም ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?» አለኝ።