የመስክ ደብተርና የእጅ ስልክ

በመስክ ጥናት ጊዜ የዕፅዋትንና የእንስሳትን ናሙና መረጃ በእጅ ስልክ መተግበሪያ መመዝገብ እየተለመደ መጥቷል። ስለ ፍጥነቱም ብዙ ምስጋና ይሰማል። እኛ ምስጋናውን አንቃወምም፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ብቻ ሲወደስ ዋናው ቁም ነገር እንዳይዘነጋ ለመምህራንና ለተማሪዎች ልናሳስብ እንወዳለን።

ተጭኖ የደረቀ ቅጠል ብቻውን ናሙና አይባልም። ማን፣ መቼ፣ የትና በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደ ሰበሰበው የሚናገር ጽሑፍ ከሌለው ከድርቆሽ አይለይም። ጽሑፉም ናሙናውም ባንድ ቦታ ብቻ ሲቀመጡ ምን እንደሚደርስ የካርቱም ታሪክ ያስረዳል።

የዕፅዋት ተመራማሪው ጌኦርግ ሽቫይንፉርት እ.ኤ.አ. በ1869 ከካርቱም ተነሥቶ ወደ ደቡብ ዘለቀ። በ1870 መጨረሻ ላይ ያረፈበት የነጋዴዎች ሰፈር ተቃጥሎ ማስታወሻዎቹ፣ መሣሪያዎቹና በእጁ የነበረው ስብስብ ዐመድ ሆኑ። ሰዓት እንኳ ስላልቀረለት ከዚያ ወዲያ መንገዱን የለካው እርምጃውን እየቆጠረ ነበር። ቀደም ብሎ የላካቸው ናሙናዎች ግን ተረፉ።

በዘመናችንም እ.ኤ.አ. በ2023 በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጠባቂዎቹ መድረስ አልቻሉም። በውስጡ የነበሩት እንስሳት በረኃብና በጥም አለቁ፤ ለብዙ ዓመታት የተጠራቀሙት ናሙናዎችም ለጥፋት ተዳረጉ።

እንግዲህ የመተግበሪያው እውነተኛ ብልጫ፣ መስክ ላይ የተጻፈው መረጃ ሳይውል ሳያድር ሌላ ቅጂ በሩቅ ቦታ ሊኖረው መቻሉ ነው። ሆኖም ቅጂው የናሙናውን አካል አይተካም፤ በአጉሊ መነጽር የሚመረመር ሥጋና ቅጠል ከመዝገብ አይገኝም።

ጉድለቶቹንም እንመልከት። አንደኛ፣ እንደ አይናቹራሊስት ያሉት መተግበሪያዎች ፎቶግራፍ አይተው የዝርያ ስም ይጠቁማሉ። ጥቆማው ግምት ነው፤ ግምቱም ብዙ ፎቶግራፍ ባልተነሣላቸው ዝርያዎች ላይ ይደክማል። ተማሪው ግን የአበባውን ክፍሎች ሳይቆጥር የቀረበለትን ስም ተቀብሎ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ስልኩ የሚመዘግበው ራሱ ያለበትን ቦታ ነው። ተማሪው ማታ ቤቱ ገብቶ ቢመዘግብና ቦታውን ባያርም፣ ዋርካው ሳሎን ውስጥ በቀለ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ቅጹ ያልጠየቀውን ማንም አይመለከትም። የአበባው ሽታ፣ ሲደርቅ የሚጠፋው ቀለምና ገበሬው የሚጠራበት ስም ሳይጻፉ ይቀራሉ።

ስለዚህ መምህራን ስልኩን ከመከልከል ይልቅ ሥርዓት ቢያበጁለት ይሻላል እንላለን። ተማሪው በመጀመሪያ ያየውን በእርሳስ በደብተሩ ይጻፍ። ቀጥሎም እዚያው ቆሞ በስልኩ ይመዝግብ። ለናሙናው የተሰጠው ቁጥር በመለያ ወረቀቱ፣ በደብተሩና በስልኩ ላይ አንድ ይሁን። የስልኩ መዝገብ በዚያው ዕለት ወደ ሌላ ማስቀመጫ ይገልበጥ። ከአንድ ተክል ሁለት ቅርንጫፍ ተጭኖ ቢደርቅ ደግሞ አንደኛው በትምህርት ቤት ቀርቶ ሁለተኛው፣ ፈቃደኛነቱ ተጠይቆ፣ እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ላለ ተቋም ሊላክ ይችላል።

ነጥብ ሲሰጥም የፎቶግራፉ ብዛት አይቆጠር። ሌላ ሰው የተማሪውን መለያ ወረቀት ይዞ ተክሉ ወደ በቀለበት ስፍራ መመለስ ይችል እንደሆነ ይታይ።