ሎሚው ከማን ዛፍ ተለቀመ?

በጌዴኦ ዞን የገጠር ቀበሌዎች አንድ የጋራ ሥራ ሲጀመር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሳይባል አይቀርም። ተናጋሪው የወረዳ ኃላፊም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ወይም የፕሮጀክት አስተባባሪ፣ ተረቱ ጭብጨባ ያስገኝለታል። ሎሚዎቹ ከማን ዛፍ እንደተለቀሙ ግን ተረቱ አይናገርም። የእኔ ሙያ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው።

ሥራዬ ማስተባበር ነው። ቀበሌው፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ቤተ ክርስቲያኗ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤቶችና ገንዘብ ይዞ የመጣው ድርጅት በአንድ ምንጭ፣ በአንድ ድልድይ ወይም በአንድ መንገድ ላይ አብረው እንዲሠሩ አደርጋለሁ። የምንሞላቸው የዕቅድ ቅጾች ሁሉ የተጠቃሚዎች ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አላቸው፤ ወንድ፣ ሴት፣ ወጣት፣ አካል ጉዳተኛ እየተባለ ይዘረዘራል። በሥራው ምክንያት የሚጎዳው ሰው የሚጻፍበት ቦታ ግን የላቸውም። አጋርነት ሲፈርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው በዚያ ባልተጻፈው ሰው በኩል ነው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሌሎቹ ጥቅም ከእሱ ጓሮ ሲወሰድ የጠየቀው ስላልነበረ ነው።

ይህ ጉዳይ በጌዴኦ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዞኑ ከ847 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ማለት ነው። አብዛኛው የገጠር ነዋሪ ሲሆን፣ ብዙው ቤተሰብ ያለው ይዞታ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። ከዲላ ወደ ቡሌ ሽቅብ ሲወጣ ለዓይን ጫካ የሚመስለው ሁሉ የሰው ጓሮ ነው። ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰት አለ፤ በእንሰቱ መካከል ቡና፣ ከቡናው ግርጌ ጎደሬና ጎመን። ዶክተር ታደሰ ኪፔ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት፣ የዚህን የመሬት አያያዝ ዘላቂነት «አምስት ሺህ ዓመት?» ብለው ገና ከርዕሱ ጠይቀዋል። ዕድሜው ምንም ያህል ይሁን፣ ለአስተባባሪ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ባዶ መሬት የለም። አንድ ሜትር ስፋት ያለው የቧንቧ ቦይ የሆነ ሰው እንሰት ላይ ያልፋል። መሬቱም ተዳፋት ስለሆነ የላይኛው ጎረቤት የቀደደው ቦይ ለታችኛው ጎርፍ ሆኖ ይደርሰዋል።

ምንጭ ማጎልበትን እንመልከት። በምሕንድስናው በኩል አስቸጋሪ አይደለም። የምንጩ ዓይን እስኪገኝ ይቆፈራል፤ ድንጋይና ጠጠር ይደረደራል፤ ከላይ በሸክላ አፈር ይደፈናል፤ ውሃው በሲሚንቶ ሳጥን ተጠራቅሞ በቧንቧ ወደ ቦኖ ይወርዳል። ከበላዩ ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ይቀደዳል፤ ዙሪያው ይታጠራል፤ በላይ በኩል መጸዳጃ ቤት አይቆፈርም፣ ከብትም አይታሰርም። የወረዳው የውሃ ባለሙያ ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ይሥለዋል። በሥዕሉ ላይ የማይታየው አጥሩ የሚከልለው መሬት የማን እንደሆነ፣ በላዩም ስንት እግር እንሰት እንደቆመ ነው።

እንሰት እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከፍታ ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ለደረሰ እንሰት ችግኝ መተካት ካሳ አይባልም፤ ቤተሰቡን የመካከለኛዎቹን ዓመታት ምግብ ያስከፍለዋል። ገንዘብም ቢሰጥ ቶሎ ያልቃል። ያየሁት የተሻለ መፍትሔ የመጣው ከገበሬዎቹ ራሳቸው ነው። እንሰት በዕድገቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተነቅሎ የሚተከል ተክል በመሆኑ፣ ውሃውን የሚጠጡት ቤቶች እያንዳንዳቸው ከጓሯቸው በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ እንሰት አምጥተው፣ መሬቱን ለሰጠው ጎረቤታቸው በጉልበታቸው ተከሉለት። ከውሃ ክፍያም ነፃ አደረጉት። ይህ በየትኛውም የፕሮጀክት በጀት ውስጥ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም፤ ዕድሜ ያለው እንሰት በጨረታ አይገዛም።

እንዲህ ያለ ስምምነት ላይ መድረስ በአጠያየቅ ይወሰናል። ባለ መሬቱን በስብሰባ መካከል፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርና የወረዳው እንግዶች በተቀመጡበት «ይስማማሉ?» ብሎ መጠየቅ አለመጠየቅ ነው። ማን በዚያ ፊት «አልስማማም» ይላል? እኔ ከስብሰባው በፊት፣ ወረቀት ሳልይዝ፣ ሰውየው ከሚያከብሯቸው አንድ ሽማግሌ ጋር ወደ ቤታቸው እሄዳለሁ። ቡናው እስኪፈላ ስለ ዝናቡና ስለ ቡና እሸት ዋጋ እናወራለን። ከዚያ «አባባ፣ ይህ ሥራ እርስዎን ምን ያሳጣዎታል?» እላለሁ። ጥያቄው ጉዳት መኖሩን አስቀድሞ ስለሚቀበል፣ የሚመልሱልኝ እሺታ ወይም እምቢታ ሳይሆን ዝርዝር ነው፤ ይህን ያህል እግር እንሰት፣ ይህችን ዋንዛ፣ ጥጃዋ የምትታሰርበትን ጥግ። ድርድር የሚቻለው ከዝርዝር ጋር ነው።

ቀጥሎ የሴቶቹ ተራ ነው። የጌዴኦ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሶንጎ በአብዛኛው የወንዶች መድረክ ነው። ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚቀጥን፣ ቦኖው ሲዘጋ ስንት ሰዓት እንደሚባክን፣ ከእንሰቱም የትኛው ለቆጮ የትኛው ለቡላ እንደሚሻል የምታውቀው ግን ሴቷ ናት። ስለዚህ ከሶንጎው በፊት፣ ሴቶች ተሰብስበው እንሰት በሚፍቁበት ጓሮ እንነጋገራለን፤ ጠሪዋም እኔ ሳልሆን በየቤቱ የምትታወቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሶንጎው ከወሰነ በኋላ ሴቶችን መጥራት ውሳኔ ማስነበብ ነው። አስቀድሞ ከተጠሩ ግን ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ የሴቶቹ ሐሳብ ቀድሞ ደርሷቸዋል።

ሌላው የሙያው ግማሽ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም መቆጠብ ነው። በአንድ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ፣ የመንገድ ኮሚቴ፣ የጽዳት ኮሚቴ ይኖራል፤ እያንዳንዱ ከአንድ ፕሮጀክት ጋር ተወልዶ ከዚያው ጋር ይሞታል። ነባሮቹ ተቋማት ግን አሉ፤ እያንዳንዳቸውም የሚችሉትና የማይችሉት አለ። ሶንጎው የወሰን ጸብ ይዳኛል፤ ሒሳብ ግን አይመረምርም። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የባንክ ሒሳብና ኦዲት አለው፤ ወሰን ላይ ግን ቢፈርድ የሚሰማው የለም። ቀበሌው ቃለ ጉባኤውን በማኅተም ያጸናል፤ ሹማምንቱ ግን ይቀያየራሉ። እድሩ ሰው በሰዓቱ ያወጣል። ቤተ ክርስቲያኗ በሰንበት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ታስነግራለች። አስተባባሪው እነዚህን ማዋሃድ የለበትም። ለእያንዳንዱ የሚችለውን ብቻ ይስጥ፤ ቧንቧው ሲሰበር፣ ገንዘብ ሲጎድል፣ ወሰን ሲገፋ ክሱ ወደ ማን እንደሚሄድ ሥራው ሳይጀመር ይጻፍ።

ይህ ዘዴ የሚፈተነው ተጎጂው ከቀበሌው ውጭ ሲሆን ነው። ለዚህ ከቡና ማጠቢያ የተሻለ ምሳሌ የለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ወቅት ቀዩ እሸት በማሽን ይፈለፈላል፤ በገንዳ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይብላላል፤ በቦይ ታጥቦ በአልጋ ላይ ይደርቃል። የይርጋጨፌን ቡና በዓለም ያስጠራው ይህ አሠራር ነው። የሚወጣው ፍሳሽ ግን ስኳርና ልጋግ የበዛበት ነው፤ ወደ ጅረት ሲገባ እየበሰበሰ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ውሃው ይኮመጥጣል፤ ይሸታል። ወቅቱ ዝናብ የሚያቆምበት፣ ጅረቱ የሚቀጥንበት መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል። ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርዱት ጅረቶች ዳር ከብት የሚያጠጣው የታችኛው ገበሬ የማጠቢያው አባልም የላይኛው ቀበሌ ነዋሪም አይደለም።

በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ሊደር የተባለ የገጠር ልማት አሠራር በዚህ ላይ ያሰበ ይመስላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2020 በነበረው ደንቡ፣ በአካባቢ አጋርነት ቡድኖቹ ውስጥ መንግሥትም ሆነ አንድ የጥቅም ወገን ከ49 በመቶ በላይ ድምፅ እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። ብልህ ደንብ ነበር። ሆኖም የወንበሮቹን ድርሻ ቢያስተካክል እንኳ ወንበር ያልደረሰውን ሰው አይጠራም። እኛ ጋ የሠራልን የታችኛውን ቀበሌ ሽማግሌዎች በእሸት ወቅት ወደ ማጠቢያው መጋበዝ ነው። ፍሳሹን የሚያጠራው ጉድጓድና የቬቲቨር ሣር ማሳ የሚጠይቀው መሬት ራሱ ሌላ ተጎጂ ይፈጥራል፤ ያም ሰው በተራው ይጠየቃል። የቡናው ገለባ ኮምፖስት ሆኖ መጀመሪያ ለእሱ መሬት ሲደርስ ንግግሩ ይቀላል።

ገንዘብም የራሱን ተጎጂ ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን መሠረታዊ ማኅበራትን አስተባብሮ ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ ይሸጣል። በፌርትሬድ ገበያ ለተሸጠ ቡና በእያንዳንዱ ፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ለማኅበራዊ ሥራ ይታከላል፤ ምን ላይ እንደሚውል የሚወስነውም የአባላት ድምፅ ነው። በዚህ ዓይነት ገንዘብ ትምህርት ቤትና ድልድይ ይሠራል። ግን ጥቂት እግር ቡና ብቻ ያለው፣ እሸቱን ለእጅ በእጅ ገንዘብ ለሰብሳቢ የሚሸጥ ደሃ አባል አይደለም፤ ድምፅም የለውም። ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤው ዋዜማ ለማኅበሩ ኮሚቴ ሁሌ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ድልድይ ከየትኛው መንደር ይርቃል?

በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በግጭት ሲፈናቀል፣ ማን ይጎዳል የሚለው ጥያቄ የሞትና የሕይወት ሆነ። ትምህርት ቤቶችና ቤተ ክርስቲያናት በሰው ተሞሉ፤ ብዙ ቤተሰብም ዘመዱን በጓሮው አስጠጋ። እኔ ያየኋቸው የርዳታ ዝርዝሮች ተፈናቃይን ይጽፋሉ፤ አስጠጊውን አይጽፉም። አስጠጊው ግን እንግዳ ለማብላት ያልደረሰ እንሰቱን ቆርጧል፤ ረኃቡም እንግዳው ከሄደ ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው። ጌዴኦና ጉጂ ደም ሲቃቡ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል ነባር ሥርዓት አላቸው። በአገር ሽማግሌ ዕርቅ በደሉ ሳይነገር ካሳው አይነሣም፤ ተበዳዩ ሳይታወቅ ጉባኤው አይጀመርም። የልማት ቅጾቻችን ይህን ቅደም ተከተል ከሽማግሌዎቹ ቢማሩ ምን ነበረበት?

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ አዲስና ትልቅ አጋርነት ተከፈተ። ዞኑ፣ ክልሉ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲና የቱሪዝም ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። የተመዘገበው ነገር ገበሬው በየቀኑ የሚሠራው ጓሮ ነው። ቅርሱ የሚጠበቀው ያቺን ዋንዛ ባለመቁረጡ፣ ቶሎ ገንዘብ የሚያመጣውን ባሕር ዛፍ ወይም ጫት ባለመትከሉ፣ ለልጁ ጎጆ መውጫ መሬት ባለመሸንሸኑ ነው። እነዚህ ሁሉ ወጪዎች ናቸው፤ ከፋዩም እሱ ነው።

በሚቀጥለው ዕቅድ ከተጠቃሚዎች ቁጥር በላይ አንድ መስመር እጠይቃለሁ፤ «በዚህ ሥራ የሚጎዳው ማን ነው? ማን፣ በምን፣ መቼ ይክሰዋል?» መስመሩ «ተጎጂ የለም» ተብሎ ተሞልቶ ከመጣ አልፈርምበትም። በዚህ በጠበበ መሬት ላይ ማንንም የማይነካ ሥራ የለም፤ መልሱ የሚነግረኝ ገና ያልተጠየቀ ሰው እንዳለ ብቻ ነው።